የፖስትግሬስ የሌሊት ጆቦች በተሳሳተ ሰዓት ይነሳሉ፣ ሪፖርትም ያስቆማሉ፤ እንዴት ይስተካከል?

የሌሊት_ፈረቃ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ፖስትግሬስ 15 (ዳታቤዝ) ላይ ፒጂ-ክሮን፣ ማለትም ሥራዎችን (ጆቦችን) በተያዘላቸው ሰዓት የሚያስነሳውን ተጨማሪ፣ ጭነናል፤ ያሉን ጆቦች ሁለት ናቸው፣ ሦስተኛ ልንጨምር ነው። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ነው፤ ተጠቃሚ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ይገባል።

አንደኛው ጆብ የዕለት ሽያጭ ማጠቃለያ የያዘ ማቴሪያላይዝድ ቪው (ውጤቱ ተሰልቶ የተቀመጠ ኪውሪ) ያድሳል። ከሥሩ ያለው የሽያጭ ቴብል 40 ሚሊዮን ረድፍ ገደማ አለው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲነሳ ብለን «0 2 * * *» (ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወር ቀን፣ ወር፣ የሳምንት ቀን) አስገባን፤ የሚነሳው ግን 11 ሰዓት ላይ ነው። አንዳንድ ቀን ሰው እስኪገባ ድረስ ይቆያል፤ ያን ጊዜ የሪፖርት ገጽ የከፈተ ሁሉ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ሁለተኛው በየሰኞው «30 2 * * 1» ላይ ተነስቶ 90 ቀን ያለፈውን ሎግ በአንድ ዴሊት ያጠፋል፤ በአንድ ዙር 6 ሚሊዮን ረድፍ ያህል። ጠፍቶም ዲስኩ አይቀንስም። ለዚህ ጆብ የራሱ ዩዘር ከፈጠርንለት ወዲህ ደግሞ «ኮኔክሽን ፌልድ» እያለ ይወድቃል። ባክአፕ በፒጂ-ደምፕ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል።

ሦስተኛው የወር መዝጊያ ነው፣ በኢትዮጵያ ወር። አሁን በእጅ ነው የሚሠራው። ይህ በክሮን እንዴት ይጻፋል?

---

ፖስትግሬስ_ወዳጅ፦

ከሰዓቱ ልጀምር። ፒጂ-ክሮን ሌላ ካልተነገረው በቀር መርሐ ግብር የሚያነበው በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ ሊኑክሱ በየትኛው ሰዓት እንደተሞላ አያይም። «0 2» ማለት ግሪንዊች 2 ሰዓት ነው። አዲስ አበባ በ3 ሰዓት ስለምትቀድም በፈረንጅ 5 ሰዓት፣ በእኛ ከሌሊቱ 11 ይሆናል። ጆቡ የታዘዘውን ነው ያደረገው።

ሒሳቡ ሁለት ደረጃ አለው፤ ሰው የሚስተው ሁለቱን ሲቀላቅል ነው። መጀመሪያ ከእኛ ሰዓት ወደ ፈረንጅ፦ ከሌሊቱ 8 ላይ 6 ቀንስ፣ 2 ይሆናል። ቀጥሎ ወደ ግሪንዊች 3 ቀንስ፤ ከ2 ላይ 3 ሲቀነስ ያለፈው ቀን 23 ሰዓት ላይ ያርፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጆብ «0 23 * * *» ነው።

«ያለፈው ቀን» የሚለውን አትዝለለው። የሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል በግሪንዊች ገና እሑድ ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛው ጆብ «30 23 * * 0» ይሆናል እንጂ «30 23 * * 1» አይደለም። በወሩ ቀን የሚሄድ ጆብም እንዲሁ ነው፦ የወሩ 1ኛ ቀን ሌሊት በግሪንዊች ያለፈው ወር መጨረሻ ነው። የወር ቀንና የሳምንት ቀን አብረው ከተሞሉ ደግሞ ክሮን «ወይም» ብሎ ያነባቸዋል፦ «0 23 1 * 1» ማለት በየወሩ 1ኛ ቀንም በየሰኞውም ነው፤ 1ኛው ቀን ሰኞ ሲውል ብቻ ማለት አይደለም።

ሌላው መንገድ «ክሮን.ታይምዞን» የሚለውን «አፍሪካ/አዲስ_አበባ» ብሎ መሙላት ነው። ከእትም 1.5 ጀምሮ አለ፤ እንዲሠራ ግን ፖስትግሬስ ጠፍቶ መነሳት አለበት፣ ሪሎድ አይበቃውም። እኔ ይህንን እመርጣለሁ፤ ከስድስት ወር በኋላ «ክሮን.ጆብ» ቴብልን የሚከፍት ባልደረባ 23ን አይቶ ማታ 5 ሰዓት ነው ብሎ ማንበቡ አይቀርም። ነገር ግን ሲቀየር ያሉት ጆቦች ሁሉ በአንድ ጊዜ በ3 ሰዓት ይሳባሉ፤ እያንዳንዱን መርሐ ግብር በዚያው ሰዓት አርመው። ይህ ቅንብር ደግሞ መነሻ ሰዓቱን ብቻ ነው የሚገዛው። ኪውሪው ውስጥ ያለው «ከረንት_ዴት» የሚከተለው የኮኔክሽኑን ታይምዞን ነው። እሱ ግሪንዊች ከሆነ፣ በትክክል ከሌሊቱ 8 የተነሳው ጆብ «ዛሬ» ሲል ትናንትን ያጠቃልላል። ስለዚህ ኪውሪው ውስጥ ቀኑን ከአዲስ አበባ ታይምዞን በግልጽ አውጣው።

«ኮኔክሽን ፌልድ» የሚለው ከይለፍ ቃል ነው። ፒጂ-ክሮን እንደማንኛውም ደንበኛ በሎካልሆስት በኩል ለእያንዳንዱ ዙር አዲስ ኮኔክሽን ይከፍታል፤ የሚገባውም ጆቡን ባስያዘው ዩዘር ስም ነው። ለአዲሱ ዩዘር «ፒጂ_ኤችቢኤ» በሚባለው፣ ማን እንዴት እንደሚገባ በሚወስነው ፋይል ውስጥ የሚያስገባው መስመር የለም፣ ወይም መስመሩ ይለፍ ቃል ይጠይቃል። ይለፍ ቃሉን ፖስትግሬስ በሚሄድበት የሊኑክስ ዩዘር ሆም ውስጥ «.ፒጂፓስ» ፋይል ላይ ጻፍ፤ ፈቃዱ 0600 ካልሆነ ፋይሉ ጭራሽ አይነበብም። ሎካልሆስት በአይፒቪ6 የሚፈታባቸው ማሽኖች ስላሉ ለ127.0.0.1/32 ብቻ ሳይሆን ለ::1/128ም መስመር ይኑር።

ከኮኔክሽን ለመገላገል «ክሮን.ዩዝ_ባክግራውንድ_ወርከርስ» የሚለውን ማብራት ይቻላል፤ ያኔ ይለፍ ቃል አያስፈልግም። በምትኩ ጆቦቹ «ማክስ_ወርከር_ፕሮሰስስ» ከሚፈቅደው ላይ ይሻማሉ። እሱ ሳይነካ 8 ነው፤ ፓራለል ኪውሪና ሎጂካል ሪፕሊኬሽንም የሚወስዱት ከዚያው ነው።

---

ሎክ_መርማሪ፦

ሪፖርቱ የሚቆመው ጆቡ ስለዘገየ ሳይሆን ሪፍሬሹ (ቪውውን የሚያድሰው ትእዛዝ) በያዘው ሎክ፣ ማለትም ሌላውን በሚያግድ ቁልፍ፣ ነው። ተራው «ሪፍሬሽ ማቴሪያላይዝድ ቪው» ከመነሻው እስከ መጨረሻው አክሰስ ኤክስክሉሲቭ ሎክ ይዞ ይቆያል። ይህ ሎክ ተራ ሴሌክትን እንኳ ያግዳል። አንድ ሰዓት ከሄደ ለአንድ ሰዓት ማንም ቪውውን አያነብም። ሌላም አለ፦ አንድ ሰው ሪፖርት ከፍቶ ትራንዛክሽኑን (አብሮ የሚጸድቅ ወይም የሚሰረዝ የትእዛዝ ስብስብ) ሳይዘጋ ከተወው ሪፍሬሹ እሱን ይጠብቃል፣ ከኋላ የመጡት አንባቢዎች ደግሞ ሪፍሬሹን ይጠብቃሉ። አንድ የተረሳ ኮኔክሽን ሰልፉን ሁሉ ያስቆማል ማለት ነው። «አንዳንድ ቀን ይቆያል» ያልከውን መጀመሪያ የምፈልገው እዚህ ነው። ለሪፖርት ዩዘሩ «አይድል_ኢን_ትራንዛክሽን_ሴሽን_ታይምአውት» 5 ደቂቃ አድርግለት።

ለሪፍሬሹ «ኮንከረንትሊ» የሚለውን ጨምር። አዲሱን ውጤት ለብቻው ሠርቶ ከአሮጌው ጋር ያነጻጽርና የተለወጠውን ረድፍ ብቻ ይነካል፤ አንባቢ አይታገድም። ቅድመ ሁኔታው ቪውው ላይ ሁሉንም ረድፍ የሚሸፍን፣ «ዌር» የሌለው፣ በኮለም ስም ብቻ የተሠራ ዩኒክ ኢንዴክስ (እሴቱ የማይደገም ማውጫ) መኖሩ ነው፤ ለዕለት ሽያጭ በቀን፣ በቅርንጫፍና በዕቃ ኮድ ይበቃል። ቪውው ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ተሞልቶ መሆን አለበት። ብዙው ረድፍ በየሌሊቱ የሚለወጥ ከሆነ ግን ከተራው ይልቅ ሊዘገይ ይችላል።

እውነቱን ለመናገር፣ ባለፈው ዓመት ያለቀ ሽያጭን በየሌሊቱ እንደገና መደመር ትርጉም የለውም። ማጠቃለያውን ተራ ቴብል አድርገህ በየሌሊቱ ያለፉትን 3 ቀናት ብቻ ደምረህ «ኢንሰርት ... ኦን ኮንፍሊክት ዱ አፕዴት» ብታደርገው፣ የሽያጭ ቀኑ ላይ ኢንዴክስ እስካለ ድረስ፣ ከ40 ሚሊዮኑ የሚነበበው ጥቂቱ ነው። 3 ቀን ያልኩት ዘግይቶ ለሚመዘገብና ለሚታረም ደረሰኝ ነው፤ በእናንተ ዘንድ እርማት እስከ ሳምንት የሚመጣ ከሆነ 7 አድርገው።

ወደ ዴሊቱ ስመጣ፦ ዲስኩ አለመቀነሱ ስህተት አይደለም። ዴሊት ረድፉን የሞተ ብሎ ምልክት ያደርግበታል፤ ቫኩም የሚባለው የፖስትግሬስ ጽዳት ቦታውን ለቀጣይ ረድፍ ክፍት ያደርጋል፤ ለሊኑክስ የሚመለሰው ከፋይሉ ጫፍ ባዶ የሆነው ብቻ ነው። የእናንተ ችግር ግን ቫኩሙም ሥራውን አለመሥራቱ ነው፣ በሁለት ምክንያት።

አንደኛ፣ በሳምንት 6 ሚሊዮን ከሆነ 90 ቀን ወደ 77 ሚሊዮን ረድፍ ነው። አውቶቫኩም (በራሱ የሚነሳው ቫኩም) ካልተነካ የሚነሳው ከቴብሉ 20 በመቶ ሲሞት ነው፤ ያ 15 ሚሊዮን ያህል ነው፣ የሁለት ሳምንት ተኩል ዴሊት። ለዚህ ቴብል ብቻ «አውቶቫኩም_ቫኩም_ስኬል_ፋክተር» 0.01 አድርገው፣ ወደ 770 ሺህ ላይ ይነሳል።

ሁለተኛ፣ የአሁኑ ዴሊት የሚነሳው በእኛ ከሌሊቱ 11 ተኩል ነው፤ ፒጂ-ደምፕ ከ10 ጀምሮ እየሄደ ነው። ፒጂ-ደምፕ ከመነሻው እስከ መጨረሻው አንድ ስናፕሾት (በዚያች ቅጽበት የነበረውን የዳታ ገጽታ) ይይዛል፤ ከዚያ ስናፕሾት በኋላ የሞተ ረድፍ ባክአፑ እስኪያልቅ ድረስ በቫኩም አይነሳም። ቫኩም ቢሄድም ባዶ እጁን ይመለሳል። ዴሊቱም ቫኩሙም ከባክአፑ በፊት ማለቅ አለባቸው። ቫኩም ፉል ግን አይታሰብ፤ ቴብሉን ቆልፎ ሙሉ ቅጂ ይሠራል፣ ለቅጂውም ነጻ ዲስክ ይፈልጋል።

ዴሊቱን ወደ ፕሮሲጀር (ዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጥ ኮድ) ለውጠው፦ በጊዜው ኢንዴክስ እያነበበ 5,000 ረድፍ ያጥፋ፣ ኮሚት ያድርግ (ለውጡን ያጽድቅ)፣ 0.2 ሴኮንድ ይተኛ፣ የጠፋው ረድፍ ዜሮ ሲሆን ይውጣ። 6 ሚሊዮን ረድፍ 1,200 ዙር ነው፤ እንቅልፉ ብቻ 4 ደቂቃ ይጨምራል። በሳምንት ፋንታ በየሌሊቱ ከሄደ ወደ 860 ሺህ ረድፍ ነው፣ አይሰማም። በሎክ እንዳይንጠለጠል ትእዛዙን «ሴት ሎክ_ታይምአውት» ብለህ ጀምርና በዚያው መስመር ፕሮሲጀሩን ጥራ።

የሎጉ ቴብል በወር ፓርቲሽን (በየወሩ ለየብቻ የተከፈለ) ቢሆን ይህ ሁሉ አያስፈልግም ነበር። አንድ ወር ድሮፕ ማድረግ ሎኩን ካገኘ በኋላ ጥቂት ጊዜ ነው የሚወስደው፣ ዲስኩም ወዲያው ይመለሳል። ድሮፕም ግን አክሰስ ኤክስክሉሲቭ ሎክ ይፈልጋል፤ ፒጂ-ደምፕ እየሄደ ከተሞከረ ይጠብቃል፣ ሎግ ጻፊዎቹም ከኋላው ይሰለፋሉ።

---

ፖስትግሬስ_ወዳጅ፦

ሎክ_መርማሪ በሁሉም ልክ ነህ፣ ከአንዷ በቀር። «ሴት» እና «ኮል» (ፕሮሲጀሩን የሚጠራው) በአንድ ትእዛዝ ውስጥ ከተጻፉ ፖስትግሬስ ሁለቱን በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ያስገባቸዋል፤ ፕሮሲጀሩ ኮሚት ሲል «ኢንቫሊድ ትራንዛክሽን ተርሚኔሽን» ብሎ ይወድቃል። ቫኩምም በተመሳሳይ ምክንያት ከሌላ ትእዛዝ ጋር አይጻፍም፤ ለብቻው ጆብ ይሁን። ፕሮሲጀሩ «ሴኩሪቲ ዴፋይነር» (በባለቤቱ መብት የሚሄድ) ከሆነ ወይም ኮሚቱ «ኤክሴፕሽን» ያለው ብሎክ ውስጥ ከገባም ይወድቃል።

ገደቦቹን ዩዘሩ ላይ አስቀምጥ፣ በ«ኦልተር ሮል ... ሴት»። ጆቡ በየዙሩ አዲስ ኮኔክሽን ስለሚከፍት ወዲያው ይይዘዋል። ለጆብ ዩዘር የማስቀምጣቸው፦ «ሎክ_ታይምአውት» 5 ሴኮንድ፣ «ስቴትመንት_ታይምአውት» 90 ደቂቃ፣ «ማክስ_ፓራለል_ወርከርስ_ፐር_ጋዘር» 0፣ «ወርክ_ሜም» 128 ሜጋባይት። የመጨረሻውን በጥንቃቄ፦ ገደቡ ለአንድ ኪውሪ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሶርትና ሃሽ ነው፤ ስድስት ሶርት ያለው ኪውሪ ስድስት እጥፍ ሊወስድ ይችላል። ስቴትመንት ታይምአውት ደግሞ «ኮል»ን ከነዙሮቹ እንደ አንድ ትእዛዝ ይቆጥራል። ቢቆረጥ ግን ኮሚት የተደረገው አይጠፋም፣ በማግስቱ ካቆመበት ይቀጥላል።

---

ሎክ_መርማሪ፦

ልክ ነው፣ ገደቡ በዩዘሩ ላይ ይሁን። መስመሬን ተውት።

---

የሌሊት_ፈረቃ፦

በጣም አመሰግናለሁ። እየሄደ ያለ ጆብ ጠዋት ላይ ቢደርስብን በደህና የሚቆመው እንዴት ነው? ያለፈው ዙር ሳያልቅ ሰዓቱ ከደረሰስ ሁለት ሆኖ ይነሳል?

---

ሎክ_መርማሪ፦

ሁለት አይሆንም። ፒጂ-ክሮን አንድን ጆብ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ያስኬዳል፤ ሰዓቱ ከደረሰ ቀጣዩ ዙር ተሰልፎ የቀደመው እንዳለቀ ይነሳል። የተለያዩ ጆቦች ግን አብረው ይሄዳሉ። ሁለት የተለያዩ ጆቦች አንድ ቴብል የሚነኩ ከሆነ ሁለቱም በአንድ ቁጥር «ፒጂ_ትራይ_አድቫይዘሪ_ሎክ» ይሞክሩ፣ ያላገኘው ዝም ብሎ ይውጣ። ኮኔክሽኑ ሲዘጋ ሎኩ በራሱ ይለቀቃል።

ለማቆም፦ «ክሮን.ጆብ_ራን_ዲቴይልስ» ውስጥ ሁኔታው «ራኒንግ» የሆነውን ረድፍ ፈልግ፣ «ጆብ_ፒድ» (የፕሮሰሱ ቁጥር) የሚለውን ውሰድ። ከመቁረጥህ በፊት «ፒጂ_ብሎኪንግ_ፒድስ» ለዚያ ቁጥር ምን እንደሚመልስ ተመልከት። ባዶ ከሆነ ጆቡ ራሱ እየሠራ ነው፤ ቁጥር ከመለሰ እየጠበቀ ነውና መቆረጥ ያለበት ምናልባት ያኛው ነው። ከዚያ «ፒጂ_ካንስል_ባክኤንድ»፤ ካልሰማ «ፒጂ_ተርሚኔት_ባክኤንድ»። ፖስትግሬስ ውስጥ የተቋረጠ ዴሊት ረጅም ወደኋላ መመለስ የለውም፣ ወዲያው ይቆማል። ከሊኑክስ በኩል «ኪል -9» ግን በፍጹም፦ አንድ ፕሮሰስ እንዲህ ከሞተ ፖስትግሬስ የሁሉንም ኮኔክሽን ቆርጦ ክራሽ ሪከቨሪ ውስጥ ይገባል፣ ካሸር ላይ ያለውም ሰው ይወድቃል።

ለጊዜው ለማሳረፍ «ክሮን.ኦልተር_ጆብ» ላይ «አክቲቭ» ፎልስ አድርግ። አንስክጁል ማድረግን ግን የሚሄደውን ኪውሪ ለማቆሚያ አትጠቀምበት፤ እሱን በፒዱ አቁመው።

---

መዝገብ_ሹም፦

ስለ ወር መዝጊያው። ክሮን የሚያውቀው የፈረንጅ ወር ብቻ ነው። ብዙ ሰው የ12 ቀን ዝርዝር ጽፎ ያስገባል፤ ለሐምሌ 1 ይሠራል፣ ሁልጊዜ ጁላይ 8 ነው። ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 1 ባሉት የወር መጀመሪያዎች ግን ጳጉሜን 6 ከሆነች ዓመት በኋላ ቀኑ በአንድ ይገፋል፦ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ነበር፣ መስከረም 1 ቀን 2018 ሴፕቴምበር 11። ቋሚ ዝርዝር በአራት ዓመት አንዴ ለወራት ይስታል፣ ያውም በጸጥታ።

ጆቡ በየሌሊቱ ይነሳ፣ ፈንክሽኑ ራሱ ቀኑን ያስላ። የአዲስ አበባን ቀን በ«ቱ_ቻር» ላይ «ጄ» በሚለው ፎርማት ወደ ጁሊያን ቀን ቁጥር (ያለ ወርና ዓመት በተከታታይ የሚቆጠር ቀን) ለውጥ፣ 1723856 ቀንስ። የቀረውን ለ1461 አካፍል፤ ድርሻውን ለብቻ ያዝ፣ ቀሪውን «ቀ» እንበለው። የዓመቱ ስንተኛ ቀን እንደሆነ፣ ከዜሮ ሲቆጠር፦ «ቀ» ለ365 ሲካፈል የሚቀረው፣ ሲደመር «ቀ» ለ1460 ሲካፈል የሚደርሰው ሙሉ ቁጥር በ365 ተባዝቶ። ያንን ለ30 አካፍል፤ ድርሻው ሲደመር 1 ወሩ ነው፣ ቀሪው ሲደመር 1 ቀኑ ነው። ዓመቱ የመጀመሪያው ድርሻ 4 እጥፍ፣ ሲደመር «ቀ» ለ365፣ ሲቀነስ «ቀ» ለ1460 ነው። ማካፈሉ ሁሉ በኢንቲጀር ይሁን።

ከመልቀቅህ በፊት በእነዚህ ፈትነው፦ 2023 ሴፕቴምበር 11 ጳጉሜን 6 ቀን 2015፣ በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 2016፣ 2024 ጁላይ 8 ሐምሌ 1 ቀን 2016 መስጠት አለባቸው። የመጀመሪያውን ያለፈ ፈንክሽን የ1460ዋን እርማት በትክክል ይዟል ማለት ነው። ጳጉሜን ለብቻዋ ትዘጋ ወይስ ከነሐሴ ጋር የሚለውን ከሒሳብ ክፍሉ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ፤ ኮዱ አይወስንላችሁም።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ «ዛሬ 1ኛ ቀን ከሆነ ዝጋ» ብላችሁ አትጻፉ። ሰርቨሩ ጠፍቶ ያመለጠ ዙር ሲበራ ተመልሶ አይሄድም። መብራት የጠፋው በዚያች ሌሊት ከሆነ ወሩ ሳይዘጋ ይቀራል፣ ማንም አያውቅም። የተዘጉ ወራት ቴብል ይኑራችሁ፤ ዓመትና ወር ፕራይመሪ ኪይ ይሁኑ። ፈንክሽኑ በየሌሊቱ «ያለቀ ግን እዚህ ያልተመዘገበ ወር አለ?» ብሎ ይጠይቅ፣ ካለ ዘግቶ በዚያው ትራንዛክሽን ይመዝግበው። ሁለቴ ቢነሳ እንኳ ኪዩ ሁለተኛውን ይመልሰዋል። መዝጊያው ደግሞ ማጠቃለያው ካለቀ በኋላ መሄድ ስላለበት በ30 ደቂቃ ልዩነት አታስይዙት፤ ሁለቱን በአንድ ፕሮሲጀር ውስጥ በተራ ጥሩአቸው።

---

የሌሊት_ፈረቃ፦

የቀኑ ስሌት በሦስቱም ፈተና ትክክል ወጣ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ጆብ ሲወድቅ ፒጂ-ክሮን ኢሜይል ይልካል?

---

ፖስትግሬስ_ወዳጅ፦

አይልክም፣ ቴብሉ ላይ ብቻ ይጽፋል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከሌላ ማሽን የሚሄድ ሦስት ጥያቄ ያለው ኪውሪ ይበቃሃል፦ ባለፉት 24 ሰዓታት «ፌልድ» የሆነ አለ? ከ90 ደቂቃ በላይ «ራኒንግ» ላይ የቆየ አለ? በየቀኑ መሄድ ካለባቸው ውስጥ ባለፉት 25 ሰዓታት አንድም መስመር የሌለው አለ? ሦስተኛውን «ክሮን.ጆብ»ን ከዝርዝሩ ጋር በሌፍት ጆይን አውጣው፤ ያልተነሳ ጆብ የውድቀት መስመር ስለማይጽፍ በመጀመሪያው ጥያቄ አይገኝም። ከሌላ ማሽን ያልኩት ሰርቨሩ ራሱ የጠፋ እንደሆነ ጠያቂው እንዳይጠፋ ነው።

ያ ቴብል ራሱ በራሱ አይጸዳም። በየ30 ሴኮንዱ የሚሄድ አንድ ጆብ በቀን 2,880 መስመር ይጨምርበታል። ካለቀ ከ14 ቀን በላይ የሆነውን መስመር የሚያጠፋ አራተኛ ጆብ ጨምር። በ«0 2» አታስይዘው፤ በ«17 1» ይሁን፣ ሁሉም ጆብ ደቂቃ 0 ላይ ሲነሳ ዲስኩን በአንድ ጊዜ ይሻማሉ።